ከጎተራ እስከ ፍሪጅ፤ የቦረና ጓዳ አጭር ታሪክ



ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚጽፉ ጓደኞቼ ብዙዎች እንደሚሆኑ ስለ ገመትሁ፣ እኔ ደግሞ ማንም ታሪክ አለው ብሎ ስለማይጠረጥረው ስለ ጓዳ ጥቂት ልጽፍ አሰብሁ። ጓዳ እንግዳ የማይገባበት፣ የቤቱ እውነተኛ ሀብትና እውነተኛ ችግር የሚታወቅበት ስፍራ ነው። የአንድ አገር ሕዝብ ምን ይፈራ እንደ ነበረና ምን ተስፋ ያደርግ እንደ ነበረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ሕዝቡ በጓዳው ውስጥ ምን ያስቀምጥ እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባዋል።

ይህን አሳብ ያመጣብኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ለትንሣኤ በዓል በቤታችን በግ ታርዶ፣ የተረፈው ሥጋ በፍሪጅ ውስጥ ከገባ በኋላ መብራት ጠፋ። ያን ቀን ሙሉ ጠበቅን፤ አልመጣም። በማግሥቱ ጧት እናቴ ፍሪጁን ብትከፍተው በረዶው ቀልጦ ውኃ ሆኖ አገኘችውና ፊቷ ተለወጠ። አያቴ ግን ምንም ሳይደነግጡ ከመደባቸው ተነሥተው ቢላዋ አስመጡ። ከሥጋው ከፍለው በሦስት ሳህን ለጎረቤት ላኩ፤ የቀረውን እንደ ጠፍር አስረዝመው ዘለዘሉት፤ ጨውና በርበሬ አሽተውም ከምድጃው በላይ በተወጠረ ገመድ ላይ ሰቀሉት። ከዚያም እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ይህ ሣጥን ከመምጣቱ በፊት ሰው ሥጋ አይበላም ነበር መሰላችሁ?» አሉን።

ይህች ጽሑፍ ለአያቴ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተደረገች ሙከራ ናት። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

አገሩና እህሉ

መካነ ሰላም ከደሴ በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል ዓባይ በጥልቅ ሸለቆ እየወረደ ከጎጃም ይለየናል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ ከሳይንት ማዶ የበሽሎ ወንዝ እየፈሰሰ ከዓባይ ይገናኛል። አገሩ በጥንት ዘመን ቤተ አምሐራ ከሚባለው ምድር ይቆጠር ነበር። ቦረና የሚለውን ስሙን ያገኘው ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ በወሎ ምድር ከሰፈሩት የኦሮሞ ነገዶች ነው። ከዚያ ጀምሮ ሕዝቡ ተጋብቶና ተዋልዶ፣ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር እሳት እየተጫጫረ ኖሯል።

በደጋው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተርና ምስር ይበቅላል፤ ወረድ ሲሉ ጤፍና ማሽላ ይገኛል። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ የበልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ የክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። ዋናው መኸር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ተሰብስቦ ከአውድማ የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የገባውም እህል የቤቱን ሰው ሁሉ መመገብ፣ ለዘር መቆየት፣ ለግብር መከፈል፣ ለሠርግና ለተዝካር መትረፍ ነበረበት። ሐምሌና ነሐሴ በደረሱ ጊዜ የብዙ ሰው ጎተራ ከታች ይጫራል። ስለዚህም የዚህ አገር ገበሬ ሌሊት የሚያብሰለስለው ትልቁ ጥያቄ፣ በታኅሣሥ የሰበሰብሁትን እስከ መስከረም እንዴት አድርጌ ላድርስ የሚል ነበር።

የእህል ማኖሪያዎች

ለዚህ ጥያቄ አባቶቻችን የሰጡት የመጀመሪያው መልስ ጎተራ ነው። ጎተራ ከእንጨትና ከጭራሮ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተጠልፎ፣ ከጭድና ከእበት ጋር በተቦካ ጭቃ ተለስኖ፣ ሣር የሚከደን የእህል ቤት ነው። ከመሬት እርጥበት እንዳይስብ ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል። በቤት ውስጥ ደግሞ ከጭቃ የሚሠሩት ጎታና ድብኝት አሉ፤ እነዚህ የእመቤቲቱ ግዛት ናቸው። ለጥቂት ጊዜ የሚሆነው እህልና ዱቄት በስልቻና በአቆማዳ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ማኖሪያ ጉድጓድ ነው። ውኃ በማይቆምበት ደረቅ ስፍራ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ተደርጎ ይቆፈራል፤ ውስጡ በጭድ ይለበሳል፤ እህሉ ከገባ በኋላ አፉ በድንጋይ ተዘግቶ በአፈር ይደፈናል። ጉድጓድ ሁለት ጥቅም ነበረው። የመጀመሪያው እህልን ከሰው ዓይን መሠወሩ ነው። በቀድሞ ዘመን ወታደር ደመወዙን የሚያገኘው በገበሬ ቤት እየተመራ ስለ ነበር፣ ጎተራው ለመጣው ሁሉ ይታያል፤ ጉድጓዱን ግን ከባለቤቱ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ሁለተኛው ጥቅም በሳይንስ የሚገለጥ ነው። እህል ሕይወት ያለው ነገር ስለ ሆነ ይተነፍሳል፤ በታፈነ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን እህሉና ነቀዙ ራሳቸው ይጨርሱታል፤ ከዚያ በኋላ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ዛሬ የግብርና ባለሙያዎች ለገበሬው የሚያስተዋውቁት አየር የማያስገባው ድርብ ከረጢት የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። አባቶቻችን የኦክሲጅንን ስም አላወቁም እንጂ ሥራውን ያውቁት ነበር።

ከእህል ሁሉ ለማኖር የተመቸው ጤፍ ነው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ ሊቦረቡረው አይችልም፤ ከእርጥበት ከተጠበቀም ብዙ ዓመት ይቆያል። ባቄላና ማሽላ ግን በነቀዝ ቶሎ ይጠቃሉ። የጓዳ ሙያ የሚባለውም የትኛው አስቀድሞ እንደሚበላ፣ የትኛው እንደሚቆይ ለይቶ ማወቅ ነው።

የወጥ ቤቱ ጥበብ

እህል በጎተራ ይኑር፤ ነገር ግን ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤውና ወጡ እንዴት ይቆያል? ምግብን የሚያበላሹት ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ተሕዋስያን መሆናቸውን የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር ለዓለም ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ነው። እነዚህ ተሕዋስያን ለመኖር እርጥበትና የሚስማማ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል፤ ብዙዎቹም አየር ይሻሉ። እናቶቻችን ፓስተር ከመወለዱ በፊት ጀምሮ እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ሲነፍጓቸው ኖረዋል።

የመጀመሪያው መንገድ ማድረቅ ነው። ሥጋ ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሆናል፤ ጨውና ነፋስ ውኃውን ይመጥጡታል። ጨው ዛሬ ርካሽ ቢሆንም ቀድሞ እንዲህ አልነበረም፤ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በአጋሰስ የሚመጣው አሞሌ በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ስለ ነበር፣ ሥጋን በጨው ማሸት ገንዘብን በሥጋ ላይ እንደ መበተን ነበር። እንጀራ በሦስትና በአራት ቀን ስለሚሻግት፣ የተረፈው በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ገብስ ተቆልቶ ተፈጭቶ በሶ፣ ሽምብራና አተር ተከክቶ ከቅመም ጋር ተፈጭቶ ሽሮ ይሆናል። በርበሬም ደርቆ ተደልዞ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የተገኘ ተክል ሲሆን፣ ወደ እኛ የዓለም ክፍል የደረሰው ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከተጓዘ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥንታዊ የሚመስለን ጓዳም በየዘመኑ እንግዳ ሲቀበል የኖረ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ማንጠር ነው። ወተት ለቀናት ብቻ ይቆያል፤ ተንጦ ቅቤ ሲሆን ለሳምንታት፣ ቅቤውም ከኮረሪማ፣ ከኮሰረትና ከአብሽ ጋር ተነጥሮ ውኃው ሲወጣለት ለወራት ይቆያል። ለዚህ ጥበብ ማደግ ጾም ራሱ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም። ክርስቲያኑ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀኖች ወተትና ቅቤ ስለማይቀምስ፣ ላም ግን ስለምትታለብ፣ ቅቤው ተጠራቅሞ እስከ ፋሲካ መቆየት ነበረበት።

ሦስተኛው መንገድ ማኮምጠጥ ነው። ሊጥ በእርሾ ይቦካል፤ ወተት ወደ እርጎ ይለወጣል፤ ጠላ በጌሾ ይጠነሰሳል። ኮምጣጣነት መጥፎዎቹን ተሕዋስያን አባርሮ ጠቃሚዎቹን የሚያሳድር ዘበኛ ነው። አራተኛው ማጠን ነው። የወተቱ ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ጢሱ ለወተቱ መዓዛ ከመስጠቱም በላይ ተሕዋስያንን ያደክማል። አምስተኛው መዝጋት ነው። የጠላው ጋን አፍ በጭቃ ይመረጋል፤ ማር በገንቦ ታሽጎ ብዙ ዓመት ሳይበላሽ ይኖራል። እስላሙ ጎረቤት ደግሞ ከገብስ ቀሪቦ፣ ከማር ብርዝ ያዘጋጃል። ቦረና ደጋ ስለ ሆነም ሌሊቱ ራሱ ለውኃው እንስራና ለጠላው ጋን እንደ ማቀዝቀዣ ይሆናል።

ስንቅ

ይህ የጓዳ ጥበብ በቤት ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ በታሪካችን ታላላቅ ቀኖችም ተካፋይ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የጦሩ መሰብሰቢያ ካደረጓቸው ስፍራዎች ዋናው የእኛው ጎረቤት ወረኢሉ ነበር። ከመቶ ሺህ የማያንስ ዘማች በእግሩና በበቅሎው እስከ ትግራይ ሲጓዝ የሚቀልብ የመንግሥት ጎተራ በየመንገዱ አልነበረውም። አብዛኛው ዘማች የሚበላው ሚስቱ፣ እናቱ ወይም እኅቱ ያሰናዳችለትን በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣና ጭኮ ነበር። በዐድዋ ድል ውስጥ ከጎራዴውና ከጠመንጃው ጋር የሴቶች እጅም እንደ ነበረበት መዘንጋት አይገባም።

ከዚያ በፊት በ1860 ዓ.ም. ከእኛ በስተሰሜን ምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ መቅደላ አምባ የመጣው የእንግሊዝ ጦር በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ በመሣሪያ የላቀ ነበር። በዙላ ወደብ ላይ የባሕሩን ውኃ በእንፋሎት ኃይል እያጣራ ለወታደሩ ያጠጣ ነበር። ወደ ደጋው ከወጣ በኋላ ግን ለሰዉና ለከብቱ የሚሆነውን ብዙውን እህልና ገፈራ በማርያ ቴሬዛ ብር ከገበሬው መግዛት ግድ ሆነበት። ያን ታላቅ ሠራዊት ያጓጓዘው የእንፋሎት ኃይል ቢሆንም፣ በመንገድ ካቆዩት ነገሮች አንዱ የገበሬ ጎተራ ነበር።

ጎረቤትም ጎተራ ነው

እስካሁን የተናገርሁት ስለሚታዩት ማኖሪያዎች ነው። የማይታይ አንድ ማኖሪያ ግን አለ፤ እርሱም ጎረቤት ነው።

አንድ በሬ በታረደ ጊዜ ሥጋውን አንድ ቤተ ሰብ ሊጨርሰው አይችልም፤ ሁሉንም ቋንጣ ማድረግም ብዙ ጨው ይጠይቃል። ስለዚህ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሬውን በአንድነት ይገዙና በቅርጫ ይካፈሉታል። መደቡ እኩል ተደልድሎ፣ ሥጋው፣ አጥንቱና የሆድ ዕቃው ሳይቀር ለእያንዳንዱ ይደርሰዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይህ ነው። በወተቱም እንዲሁ ነው። ላሟ የወለደችለት ላልወለደችለት ይሰጣል፤ ጊዜው ሲገለበጥ ደግሞ ይቀበላል። ሥጋን በማንና በምን ስም እንደ ታረደ ለይቶ የሚበላው የእስላሙና የክርስቲያኑ ማኅበረ ሰብም፣ ሥጋው ቢለያይ ዳቦውን፣ ቡናውን፣ ማሩንና ቅቤውን ይለዋወጣል፤ በሠርግና በኀዘን ጊዜ ለሌላው እምነት እንግዳ ተለይቶ ይታረዳል፤ ዕቃውም ተለይቶ ይቀርባል።

እንግዲህ በጥሞና ብንመለከተው ይህም የማኖር ዘዴ ነው። ዛሬ የተረፈኝን ሥጋ በእኔ ቤት ባስቀምጠው ነገ ይበላሻል፤ በጎረቤቴ ሆድ ባስቀምጠው ግን በቸገረኝ ቀን ትኩስ ሆኖ ይመለስልኛል። አያቴ መጀመሪያ ሦስቱን ሳህን ልከው ቋንጣውን ከዚያ በኋላ የዘለዘሉት በዚህ ሥርዓት ስላደጉ ነው።

ጎተራው ሁሉ ባዶ የሆነ ጊዜ

ነገር ግን የጥንቱን ኑሮ ብቻ እያመሰገንሁ ባልፍ እውነቱን መደበቅ ይሆንብኛል። የቤቱ ጎተራ ሲጎድል ጎረቤት ይሞላዋል፤ የጎረቤቶች ሁሉ ጎተራ በአንድ ጊዜ ሲጎድል ግን ምን ይደረጋል? ወሎ ይህን ጥያቄ በከባድ ዋጋ የተማረ አገር ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ረሀብ እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» በሚባል ስም ይታወሳል። በጣልያኖች አማካይነት በምጽዋ ወደብ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ የአገሩን በሬዎች ጨረሰ፤ በሬ ባለመኖሩ ማሳው ጦም አደረ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምችም ተጨመረበት። ያ የከብት በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ተበሥሯል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሀብ ደግሞ ሌላ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ በዚያ ክፉ ወራት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር እየተጫነ የሚወጣ እህል ነበር። ሰው ያለቀው በአገሩ እህል ፈጽሞ ስለ ጠፋ አልነበረም፤ ሰብሉ የጠፋበትና ከብቱ ያለቀበት ድኃ የሚገዛበት ስላልነበረው ነው። መንግሥት ረሀቡን ለመሸፈን መሞከሩም ቁጣን አስነሥቶ፣ ዘውዳዊው አገዛዝ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. እንዲያበቃ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1977 ዓ.ም. ረሀብ እንደገና መጣ፤ ጥቅምት 1977 ከቆረም የተላለፈው ፊልም ዓለምን ሁሉ አስለቀሰ። በብዙ የወሎ መንደር ለዘር የተቀመጠው እህል ሳይቀር የተበላበት ዘመን ነበር። ዘሩን የበላ ገበሬ የከርሞውንም መኸር በልቶታል።

ከዚህ መከራ የተገኘው ትምህርት፣ ከቤት ጎተራና ከጎረቤት ጎተራ በላይ የአገር ጎተራ እንደሚያስፈልግ ነው። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ የአደጋ ጊዜ የእህል ክምችት ተጀመረ። ከመጋዘኖቹም አንዱ በእኛው ክፍለ አገር በኮምቦልቻ ተሠራ። ኮምቦልቻን አልፎ የሚሄድ የቦረና ልጅ ሁሉ እነዚያን መጋዘኖች ሲያስብ፣ ያ ዘመን ያስተማረውን ትምህርት ቢያስታውስ መልካም ነው።

ቀዝቃዛው ሣጥን

አሁን ወደ ፍሪጁ እንመለስ። ብርድ ምግብን እንደሚያቆይ ሰው ሁሉ ከጥንት ያውቃል፤ አስቸጋሪው ነገር ብርድን እንደ ልብ መሥራት ነበር። አንድ ፈሳሽ ነገር ወደ አየርነት ሲለወጥ በዙሪያው ያለውን ሙቀት ይስባል፤ እጃችንን አልኮል ሲነካው የሚቀዘቅዘን ስለዚህ ነው። አሜሪካዊው ያዕቆብ ፐርኪንስ በዚህ ሕግ የሚሠራ የማቀዝቀዣ መሣሪያ በለንደን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1834 ነው። ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መሣሪያውን አሻሽሎ ለጠላ ፋብሪካዎችና ለሥጋ መጋዘኖች አዋለው። በቤት ውስጥ የሚቀመጠው ፍሪጅ በብዛት የተሠራጨው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ወዲህ ነው። ለእኛ ለተማሪዎች የሚያስደስተው ደግሞ፣ ያለ ሞተር በእሳት ሙቀት ብቻ የሚሠራውን ፍሪጅ እ.ኤ.አ. በ1922 የፈለሰፉት በስቶክሆልም የሚማሩ ሁለት ተማሪዎች፣ ፎን ፕላተንና ሙንተርስ፣ መሆናቸው ነው። በላምባ የሚሠራው ፍሪጅ የተገኘው ከዚህ ነው፤ ኤሌክትሪክ ወደሌለበት አገር ሁሉም ሊደርስ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በአገራችን የኤሌክትሪክ መብራት በ1890 ዓ.ም. ገደማ በአጤ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ቢታይም፣ ከአዲስ አበባና ከጥቂት ከተሞች ርቆ ሳይሄድ ብዙ ዘመን ኖሯል። የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ በየወረዳው ያሉትን ከተሞችና ቀበሌዎች ለማዳረስ የታቀደው ሰፊ ፕሮግራም የተጀመረው ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ነው። በብዙ ገጠር ሰው ፍሪጅን መጀመሪያ ያየው በምግብ ቤት ሳይሆን በጤና ጣቢያ ነው። በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው የክትባት ፕሮግራም፣ መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ እንዲጠበቅ ስለሚያስገድድ፣ በላምባ የሚሠሩት ፍሪጆች በየጤና ጣቢያው ቆሙ። ስለዚህ ቀዝቃዛው ሣጥን ወደ እንዲህ ያለው አገር ሲገባ መጀመሪያ ያቆየው የሕፃናትን ነፍስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ በመካነ ሰላም ፍሪጅ ያለበትን ቤት ብንከፍት ምን እናገኛለን? በላይኛው ክፍል የበዓል ሥጋ በፌስታል ተጠቅልሎ፤ ከዚያ በታች የተረፈ ወጥ በብረት ድስት፣ ወተት፣ ቲማቲምና ቃሪያ፤ በበሩ ላይ ውኃና ለስላሳ በጠርሙስ፤ በአንድ ጥግ ደግሞ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ኢንሱሊን። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ታማሚው መድኃኒቱን ከቤቱ ያገኛል፤ ሠራተኛዋ እናት ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚሆን ወጥ በአንድ ጊዜ ሠርታ ከምድጃ ጢስ ታርፋለች፤ የተገዛው ቲማቲም አይጣልም። በጢስ ዓይናቸው ለታመመ እናቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥንት ይሻል ነበር የሚል ሰው ካለ፣ እርሱ ድርቆሽ አድርቆ፣ በርበሬ ደልዞ፣ ጋን ተሸክሞ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ይሁን እንጂ ፍሪጅ የሚያቆየው ለቀናት ነው፤ ጎተራና ገንቦ ለወራትና ለዓመታት ያቆዩ ነበር። ፍሪጅ ያለ ኤሌክትሪክ ተራ ሣጥን ነው። ከሁሉም ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ግን ሌላ ነው። ሥጋው በቤት መቆየት ሲችል፣ ሳህን ይዞ ወደ ጎረቤት የሚሄደው ልጅ እየቀነሰ ይሄዳል። ቀድሞ እንዲበላሽ ላለመተው ስንል እንሰጥ ነበር፤ አሁን ስለማይበላሽ በሩን እንዘጋበታለን። እንዲህ ከሆነ የፍሪጅ መምጣት አንዱን ጎተራ ሲጨምርልን ሌላውን፣ ያውም ብዙ ዘመን ያቆየንን፣ ሊያፈርስብን ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ሰው ሦስት ጎተራ እንደሚያስፈልገው ነው፤ የቤቱ፣ የጎረቤቱና የአገሩ። የቤቱ ጎተራ ለቤቱ ጉድለት፣ የጎረቤቱ ለመንደር ችግር፣ የአገሩ ለክፉ ቀን ነው። ፍሪጅ ከመጀመሪያው ወገን የሚቆጠር መልካም ዕቃ ነው፤ የሁለቱን ሥራ ግን ሊሠራ አይችልም።

ፍሪጁም ቢሆን በአገር ኅብረት የሚቆም ነው። ከእግራችን በታች በሸለቆው የሚወርደው ዓባይ፣ የእኛንም የበሽሎንም ውኃ ይዞ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ውስጥ ይገባል። ግድቡ እስከ 5150 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ ሆኖ ተሠርቷል፤ የተሠራበትም ገንዘብ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩና ተማሪው ያዋጣው ጭምር ነው። ይህም በአገር ስፋት የተደረገ ቅርጫ ነው ለማለት ይቻላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ግን መብራት ያልደረሰው ቤት ገና ብዙ ስለ ሆነ፣ ጎታና ጎተራ ዛሬም ሥራቸውን አልለቀቁም። እነርሱን የማሻሻልና መብራቱን የማድረስ ሥራ እኛን ይጠብቀናል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ የማቀርበው ምክር አጭር ነው። ከእናንተ መካከል መሐንዲስ የሚሆን፣ መብራቱ እንዳይጠፋ ያድርግ፤ የግብርና ባለሙያ የሚሆን፣ የአያቶቻችንን ጉድጓድና ጎተራ ሳይንቅ ያሻሽል፤ ሐኪም የሚሆን፣ መድኃኒቱ በቅዝቃዜው ይጠበቅ ዘንድ ይትጋ። ሁላችንም ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋውን ሴቶች፣ ይህ እንዴት ይሠራ ነበር ብለን ጠይቀን እንጻፍ፤ የጓዳ ጥበብ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ስለ ሆነ ባለሙያዋ ስታልፍ አብሮ ያልፋልና።

በቤታችን መብራቱ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። ፍሪጁ እንደገና ማጓራት ሲጀምር አያቴ ቀና ብለው አላዩትም። ቋንጣው ግን ለብዙ ሳምንት በየእሑዱ ፍርፍር እየሆነ በላነው፤ ከሦስቱም ሳህን አንዱ እንኳ ባዶውን አልተመለሰም።

ፈጣሪ አገራችንን ከክፉ ቀን ይጠብቅልን። ትምህርት ቤታችንም የዕውቀት ጎተራ ሆኖ ለመጪው ትውልድ ይኑርልን።